ቀዩ መስመር ማንን ይከሳል?

በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ኤድ ሃውኪንስ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለምን ሙቀት ያለ አንድ አኃዝ በቀለም ብቻ አሳየ። እያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ነው፤ የቀዘቀዘው ሰማያዊ፣ የሞቀው ቀይ። ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። «ቀዩ የተመረጠው ሊያስፈራሩን ነው» የሚሉ አሉ። ቀለሙ በእርግጥ የሰው ምርጫ ነው፤ ልኩ ግን የቴርሞሜትር ነውና ክሱ አያሳምነኝም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እውነት የተናገረ ምስክር ግማሹን ቢተው ምስክርነቱ ሙሉ ነውን?

እስቲ መካነ ሰላምን እናስብ። ለቦረና ደጋ ገበሬ ዓመት ማለት አማካይ ሙቀት ሳይሆን ክረምቱ በጊዜው ገባ ወይስ ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፓስፊክ ውቅያኖስ በኤል ኒኞ ሲሞቅ በኢትዮጵያ ክረምቱ ከዳ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። (ኤል ኒኞ ድሮም ነበረ፤ ከምድር ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉን ወደ ውቅያኖስ የሰደደው ግን የሰው እጅ ነው።) በሥዕሉ ላይ ያ ዓመት ነዳጅ ላቃጠለውም፣ ባሕር አይቶ ለማያውቀው ደገኛም እኩል ቀይ ነው። አማካይ ማውጣት ለሊቁ ተገቢ ነው፤ በደልንም አብሮ ማማከል ግን ማን ፈቀደ? ከጎኑ ሁለተኛ ሥዕል ይሰቀል እላለሁ፤ በየአገሩ የተቃጠለው ነዳጅ በዚያው ቀይ ቀለም የተሰመረበት።