ሐሰት የሚገኘው ከዕቃው ነውን ወይስ ከቃሉ?
ስለ ነፍሳት ቅሪተ አካል ግዢ

ሻጭ ለገዢ ሐሰተኛ ዕቃ በሰጠ ጊዜ፣ ሐሰቱ የተቀመጠው በምን ላይ ነው? በዕቃው ላይ ነው እንዳንል፣ ዕቃ አፍ ስለሌለው ሊዋሽ አይችልም። ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ከጥንት ዘመን የቀሩ ነፍሳትን ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው፣ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አምበር የሚባለው ቢጫ ጌጥ በመሠረቱ የዛፍ ሙጫ ነው። ዕጣንና ከርቤ ከዛፍ ቍስል እንደሚፈስሱ ሁሉ፣ እርሱም በጥንት ዘመን ከዛፍ ፈስሶ፣ በላዩ ያረፈችውን ትንኝ ወይም ጉንዳን ይዞ፣ ከምድር በታች ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እየደረቀና እየጠነከረ የቈየ ነው። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው ዕድሜው 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሰዎች ዋጋ የሚከፍሉለትም ስለ ውበቱ ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ዕድሜው ጭምር ነው።

ኮፓል የሚባል ሌላ ሙጫ ደግሞ አለ፤ በማዳጋስካርና በኮሎምቢያ ይገኛል። የእርሱ ዕድሜ የሚቈጠረው በመቶና በሺህ ዓመታት ነው እንጂ በሚሊዮን አይደለም። በውስጡ የምትታየው ንብ እውነተኛ ንብ ናት፤ ሙጫውም እውነተኛ ሙጫ ነው፤ ንቢቱም በውስጡ የሞተችው የሰው እጅ ሳይነካት ነው። እንግዲህ ነጋዴው «ይህ ኮፓል ነው» ብሎ ቢሸጠው ምንም በደል የለበትም። «የ40 ሚሊዮን ዓመት አምበር ነው» ብሎ የሸጠው እንደ ሆነ ግን ከሌባ አይለይም። በሁለቱ ሽያጮች መካከል በዕቃው ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ገዢው መመርመር ያለበት ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩ ጋር አብሮ የሚሸጥለትን ንግግር ነው እላለሁ።

ይህን ስል ገዢ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ማለቴ አይደለም። ጨው እስኪጠግብ ድረስ በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ አምበር ይንሳፈፋል፤ ብዙው ፕላስቲክ ግን ይሰጥማል። ኮፓልም ስለሚንሳፈፍ እርሱን ለመለየት አንድ ጠብታ አሴቶን ያስፈልጋል፤ አሴቶን የነካው ኮፓል ይጣበቃል፤ አምበር አይጣበቅም። በእሳት የጋለ መርፌ ቢነካው አምበር የሙጫ ሽታ ሲሰጥ ፕላስቲክ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጢስ ያወጣል። ሆኖም መርፌው እውነተኛውንም ያቈስላልና ሻጩ እንቢ ቢል አይፈረድበትም። ከዚህም ሌላ በሙጫ ተይዛ የሞተች ትንኝ ታግላ የሞተች ናት፤ እግሯ ተጣምሞ፣ ክንፏ ተጣጥፎ፣ አጠገቧ የአየር አረፋ ቀርቶ ይታያል። መካከል ላይ አምሮ የተዘረጋ ትልቅ ነፍሳ ሲያጋጥም መጠርጠር ይገባል። በድንጋይ ላይ ለሚገኘውም እንዲሁ ነው። ከቻይና የተገኘና በረጅም እግሮቹ የተደነቀ አንድ «ሸረሪት»፣ (ሸረሪት ከነፍሳት ወገን ባይቈጠርም ነገሩ አንድ ነው) በ2019 በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ ሸርጣን የሚመስል የውሃ እንስሳ ቅሪት ሆኖ እግሮቹ በቀለም የተሳሉለት መሆኑ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ጨው ውሃውም፣ አሴቶኑም፣ መርፌውም የሚመሰክሩት ስለ ሙጫው ብቻ ነው። ስለ ዝንቢቱ ምንም አይናገሩም። ሄርማን ሌቭ የተባለው ጀርመናዊ የዝንብ ሊቅ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከሰበሰባቸው የባልቲክ አምበሮች መካከል አንዲት ዝንብ ያለችበት ነበር፤ በ1922 ለንደን ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ። በ1966 ከዘመኑ ታላላቅ የነፍሳት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ቪሊ ሄኒግ መርምሮ፣ ዛሬ በመጸዳጃ ቤት ከምናያት ዝንብ ጋር አንድ ዓይነት መሆኗን መሰከረ። ስለዚህም ይህች ዝንብ በ40 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ምንም ያልተለወጠች ፍጥረት ተብላ በምሳሌነት ተጠቀሰች። በ1993 አንድሩ ሮስ በማይክሮስኮፕ ሲመለከታት በአምበሩ ላይ ስንጥቅ አየ። ለካ አምበሩ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ የዘመኑ ዝንብ ተቀምጦበት እንደ ገና የተገጠመ ኖሯል! አምበሩ እውነተኛ ነው፤ ዝንቢቱም እውነተኛ ናት፤ ሐሰቱ ሁለቱ በአንድ ዘመን ነበሩ የሚለው ንግግር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ የዚህችኛዋ ንጋት ግን እጅግ ዘገየ። ያዘገየውም የስሞቹ ክብር ይመስለኛል። በሌቭ ስብስብ ውስጥ የተገኘውን፣ በሙዚየም የተቀመጠውን፣ በሄኒግ የታየውን ማን ደፍሮ ይጠርጥር? እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ማኅተም ያለበት ወረቀት ስናይ ልባችን ቶሎ ያርፋል፤ ዛሬም ሻጮች ከቅሪተ አካሉ ጋር የምስክር ወረቀት የሚያያይዙት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ወረቀቱ ግን ከጻፈው ሰው ዕውቀትና ሐቀኝነት የሚበልጥ ነገር ሊመሰክር አይችልም።

ስሕተትን ከማታለል መለየት ደግሞ ግዴታ ነው። በአገራችን በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ አጠገብ ጉንዳንና ሌሎች ነፍሳት ያሉበት አምበር ተገኝቶ፣ በ2010 ሊቃውንት ዕድሜውን 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብለው አሳተሙ። በኋላ በተደረገው ምርምር ግን ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ ተገለጠ። የመጀመሪያዎቹን ሊቃውንት አታላዮች ናቸው የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም፤ ያወቁትን ከነማስረጃው ስለ ገለጹ ሌላው ሊያርመው ቻለ። ነገር ግን የታረመውን የሚያውቅ ነጋዴ ዛሬ «95 ሚሊዮን» ብሎ ቢሸጠው፣ በ2010 ቅን የነበረው ያው ዐረፍተ ነገር በእርሱ አፍ ማታለል ይሆናል። ዕቃው ያው፣ ቍጥሩም ያው ነው። የተለየው በተናጋሪው ልብ ያለው ዕውቀት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚናገረው ሁሉ እውነት የሆነ ሻጭ ነው። በምያንማር በካቺን ግዛት ከሁካውንግ ሸለቆ የሚወጣው አምበር 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ በውስጡም እጅግ ድንቅ ነፍሳት አሉበት። ይህ አካባቢ ጦርነት የበረታበት ነው፤ በ2017 የአገሪቱ ሠራዊት የማዕድኑን ሥፍራዎች ያዘ። በ2020 የአከርካሪ እንስሳት ቅሪተ አካል አጥኚዎች ማኅበር፣ ከዚያ ወዲያ በወጣው አምበር ላይ የተሠራ ጥናት እንዳይታተም የሳይንስ መጽሔቶችን ለመነ። እንግዲህ ሻጩ ስለ ዕድሜው እውነቱን ተናግሮ ስለ መገኛው ዝም ቢል ዋሽቷል ልንለው እንችላለን? እኔ እንችላለን እላለሁ፤ ገዢው ቢያውቅ ኖሮ እጁን ሊመልስ የሚችልበትን ነገር ዐውቆ መደበቅ ነውና። ባልንጀራዬ በዚህ አይስማማም፤ ያልተጠየቀ ሰው አልዋሸም ይላል። እንደ እርሱ ከሆነ ሸክሙ በገዢው ላይ ይወድቃልና፣ ገዢው ስለ ጨው ውሃና ስለ አሴቶን ከማሰቡ አስቀድሞ ከየት ወጣ፣ ማን አወጣው፣ በየትኛው ዓመት ወጣ ብሎ ይጠይቅ።