ስለ ፍጥነትና ስለ ልጓም

አንባቢ ሆይ፤ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚደርሰው መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን ጤፍ የጫነ አህያ፥ ከብት የሚነዳ እረኛ፥ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ ኹሉ ይሄዱበታል። ከባዱም የጭነት መኪና በእነዚሁ መካከል ያልፋል።

በ2010ዎቹ ዓመታት በአገራችን በጭነትና በሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ላይ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠም መታዘዙ ይታወቃል። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሕግ ከ12 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪናዎች በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር እንዳያልፉ አዘዘ፤ በ2002 ደግሞ ከ3.5 ቶን በላይ ለሆኑት ኹሉ ትእዛዙ ደረሳቸው።

አንዳንድ ሰዎች ግን፥ «በብረት ተገዶ የታገሠ ሰው ትዕግሥተኛ አይባልም፤ ሾፌርን እንደ በቅሎ መለጐም ሰውነቱን መናቅ ነው» ብለው ይከራከራሉ። በግድ የተሠራ በጎ ሥራ ለሠሪው ምስጋና አያስገኝምና፥ ንግግራቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሕግ የወጣው እግረኛውን ከሞት ለማዳን ነው እንጂ ሾፌሩን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም። የሙሴ ሕግም አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዘዘው፥ ሰው ወድቆ እንዳይሞት ብሎ እንጂ ባለቤቱን በክፋት ጠርጥሮ አይደለም።

በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና 80 ሲደርስ የመምታት ኀይሉ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን አደጋ የሚሸከመው ደግሞ ከፍጥነቱ ምንም የማያተርፈው እግረኛ ነው። ትርፉ ለአንዱ፥ ሞቱ ለሌላው በሚሆንበት ነገር ውሳኔውን ለአትራፊው ብቻ መተው ፍርድ ማጓደል ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው፥ ብዙ ጊዜ ሾፌሩን የሚያስቸኵለው «ነገ ተመልሰህ ትጭናለህ» የሚለው ባለመኪና መሆኑ ነው። መኪናውን ገድቦ የባለቤቱን ትእዛዝ ዝም ማለት በቅሎዪቱን በልጓም ይዞ በአለንጋ እንደ መግረፍ ነው። ሁለተኛው፥ መገደቢያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ የሚቀንስ እንጂ ፍሬን አለመሆኑ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መኪናውን የሚገፋው የራሱ ጭነት ነው። በዚያ ቍልቍለት የሚያድነው በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው፤ ይህም የሾፌሩ ፈንታ ነው።

እንግዲህ መገደቢያው ይገጠም፤ ሾፌሩም ብረቱን ተማምኖ ጥንቃቄውን አይተው። ባለመኪናውም እቃው የሚደርስበትን ቀን ሲቈርጥ ሾፌሩ የሚያርፍበትንና ቍልቍለቱን በቀስታ የሚወርድበትን ሰዓት አብሮ ይቍጠር። ይህን ሳይቈጥር የቀረ እንደ ሆነ፥ በሾፌሩ እጅ ለሚደርሰው ጥፋት እርሱም ተጠያቂ ነው።