አባቱ ያልታወቀ ሕፃን በማን ስም ይጠራል?

በእስፓንያ መንግሥት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ካታሎኛ የሚባል አገር አለ። ዋና ከተማው ባርሴሎና ነው፤ ሕዝቡም ካታላን የሚባል የገዛ ራሱ ቋንቋ አለው። በዚህ አገር፥ ይልቁንም ወደ ፈረንሳይ ወሰን በሚጠጋው በዢሮና አውራጃ፥ ዴውሎፌው የሚባል የቤተ ሰብ ስም ይገኛል። ስሙን የያዙት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ትርጓሜው ግን ቋንቋውን ለሚያውቅ ሁሉ ግልጥ ነው። «ዴው» ማለት እግዚአብሔር፥ «ሎ» ማለት እርሱን፥ «ፌው» ማለት ሠራ ማለት ነውና ሦስቱ ሲጋጠሙ «እግዚአብሔር ሠራው» ይላሉ።

ወደ ነገሩ ከመግባት አስቀድሞ ስለ ቤተ ሰብ ስም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ እርሱ በተራው ሲወልድ የአያትየው ስም ወደ ኋላ ይቀርና ትውልድ የሚቈጥር ሰው ካልተገኘ በቀር የሚያነሣው የለም። በካታሎኛ ግን በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ለአንድ ሰው የወጣለት ቅጽል ቀስ በቀስ ለልጅ፥ ለልጅ ልጅም እንደ ርስት የሚተላለፍ ሆነ። በኋላም በትሬንቶ የተሰበሰበው የካቶሊካውያን ጉባኤ በ1563 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ካህናት መዝገብ እንዲይዙ ባዘዘ ጊዜ፥ ስሙ በቀለም ተጽፎ ጸና። ስለዚህ በካታሎኛ እጅግ ከታወቁት ስሞች አንዱ ፌሬር ማለት አንጥረኛ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ፌሬር የሚባለው ሐኪም ወይም ዳኛ መዶሻ በእጁ ነክቶ አያውቅ ይሆናል። ቃሉ የተነገረው ስለ አንድ ሰው ነበር፤ የሚሸከሙት ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው «እግዚአብሔር ሠራው» ማን ኖሯል?

ለዚህ ሁለት መልስ ይሰጣል። ሕዝቡ የሚያወራው እንዲህ ነው። ጥንት ድኽነት ያስጨነቃት ወይም ያለ ጋብቻ የወለደች ሴት ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልላ በሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም ከሐኪም ቤት በር ታኖረው ነበር። በባርሴሎና በ1401 ዓ.ም. ቀድሞ የነበሩት ትንንሽ የድውያን ቤቶች ባንድነት ተጠቃለው ሳንታ ክሬው፥ ማለት ቅዱስ መስቀል፥ የተባለው ሐኪም ቤት ተመሠረተ፤ ይህም ቤት ድውያንን ብቻ ሳይሆን ተጥለው የተገኙትንም ሕፃናት ይቀበል ነበር። ሕፃኑ ወደ ጥምቀት ሲቀርብ አባቱ ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ የሚመልስ ግን የለም። በዚያን ጊዜ አንዱ ደግ ሰው «የሠራውማ እግዚአብሔር ነው» አለ፤ ይኸው ቃል የአባት ስም ሆኖ ተጻፈለት ይላሉ።

ስምን የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ከሌላ ወገን ይቈጥሩታል። በመካከለኛው ዘመን በካታሎኛ ምርቃት የሆኑ ስሞች ብዙ ነበሩ፤ ዴውሎሳል ማለት እግዚአብሔር ያድነው፥ ዴውሎክሬስካ ማለት እግዚአብሔር ያሳድገው ማለት ነው። እነዚህን ስሞች በዚያ አገር የነበሩ አይሁድም ለልጆቻቸው ያወጡ ነበር። እንዲህ ያለው ስም የሚወጣው ለተጣለ ልጅ አይደለም፤ ይልቁንም ተለምኖ ለተገኘ፥ ወንድሞቹ ሞተውበት እርሱ ብቻ እንዲተርፍ ለሚፈለግ ልጅ ነው። በኢትዮጵያም ልጅ የሞተበት ሰው ቀጥሎ የተወለደለትን ካሣ ወይም ምትኩ ወይም ማስረሻ ብሎ ይጠራዋልና፥ የዚህ ዓይነት ስም ከምን ዓይነት ልብ እንደሚወጣ አንባቢ አያጣውም።

አሁን ልብ ይባል። አንዱ መልስ ማንም ስላልፈለገው ልጅ ይናገራል፤ ሁለተኛው መልስ ከሁሉ ይልቅ ስለ ተፈለገ ልጅ። ሁለቱም በአንድ ቃል ተጠሩ። የቅኔ ተማሪ ይህን ስም ቢያገኝ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ሳይቸገር አይቀርም፤ ሰሙ ምስጋና፥ ወርቁ የአባት መታጣት ነውን? ወይስ ሰሙ የአባት መታጣት ሆኖ ወርቁ ምስጋና ነው? የዢሮና ሰው ዛሬ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ስሙን ሲፈርም፥ ከሁለቱ በየትኛው እንደ ተወለደ ስሙ አይነግረውም።

ተጥሎ የተገኘን ልጅ በሌላ መንገድ የጠሩ ነበሩ። በካስቲልያ ኤክስፖሲቶ፥ በናፖሊ ኤስፖሲቶ አሉት፤ ትርጓሜው «በውጭ የተጣለ» ማለት ነው። በናፖሊ በአኑንዚያታ ቤት ግድግዳ ውስጥ በእንጨት የተሠራ የሚዞር ሣጥን ነበረ፤ እናቲቱ ከውጭ ሕፃኑን ታስገባና ታዞረዋለች፥ በውስጥ ያለችው ትቀበለዋለች፤ ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት አይተያዩም። ያ መዘውር የተዘጋው በ1875 ዓ.ም. ነው። በሚላኖ ስሙ ጨዋ ነበረ፤ የሐኪም ቤቱ ምልክት ርግብ ስለ ነበረች ልጆቹ ኮሎምቦ ተባሉ። በ1445 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕፃን የተቀበለው የፍሎሬንስ ቤት ደግሞ የንጹሓን ቤት ይባል ነበርና፥ ከዚያ የወጡት ኢኖቼንቲ፥ ንጹሓን፥ ተብለዋል።

ነገሩ በሁሉ ዘንድ አንድ ነው፤ እናት ሄደች፥ ሕፃን ቀረ። ሆኖም አንዱ ጸሓፊ «የተጣለ» ብሎ ጻፈ፥ ሌላው «ንጹሕ» ብሎ ጻፈ፥ ሌላውም «እግዚአብሔር ሠራው» አለ። ከሦስቱ ማንም አልዋሸም። ይህ የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ስለ አንድ ነገር እውነት የሆኑ ብዙ ቃላት ካሉ፥ ከመካከላቸው የሚመርጠው ሰው እውነት ተናግሬአለሁ በማለት ብቻ ከፍርድ አያመልጥምና። «የተጣለ» ብሎ የጻፈው ሰው የጣዪቱን ሥራ በተጣለው ላይ ጻፈ፤ ሕፃኑም ያላደረገውን ነገር እስከ ሽበቱ ተሸከመ፥ ለልጆቹም አወረሰ። የእስፓንያ ንጉሥ ካርሎስ አራተኛ በ1794 ዓ.ም. ባወጣው ዐዋጅ፥ ወላጆቻቸው ያልታወቁ ልጆች በሕግ ፊት በጋብቻ እንደ ተወለዱ ይቈጠሩ፥ ዲቃላ ብሎ የሚሰድባቸውም ይቀጣ አለ። ዐዋጁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ተሳዳቢው ዝም ቢል መዝገቡ ዝም አላለም። ስሙን የያዙ ሰዎች በሌላ እንዲለውጡት ሕግ መፍቀድ የጀመረው በ1921 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አባቱ የታወቀውን ልጅ «እግዚአብሔር ሠራው» የሚለው የለም፤ ስለዚህ ይህም ስም ቢሆን በሽቱ የተቀባ ምልክት ነው፥ ጐረቤት ከሥሩ ያለውን ይሰማል ይላል ተቃዋሚው። ደግሞም የሰውን ነውር በእግዚአብሔር ስም መሸፈን ተገቢ ነውን? ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው የሚመልሰው ያ የሊቃውንቱ ትርጓሜ ነው። ስሙ ለተለመነውም ልጅ የሚወጣ ከሆነ ጐረቤት እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ ሰውን የሚያድን ጥርጥርም አለ። ለሁለተኛው አውግስጢኖስን ማስታወስ ይበቃል። እርሱ ገና በጕብዝናው፥ ሳይጠመቅ፥ ካላገባት ሴት በ372 ዓ.ም. ገደማ ልጅ በወለደ ጊዜ ስሙን አዴዎዳቱስ አለው፤ ትርጓሜውም «ከእግዚአብሔር የተሰጠ» ነው። ይህ ስም በሰሜን አፍሪቃ ክርስቲያኖች ዘንድ የተለመደ ነበር፤ በሕግ የተወለዱትም ይጠሩበት ነበር። አውግስጢኖስ በኋላ የራሱን ኀጢአት በጽሑፍ ሲናዘዝ በልጁ ላይ ነውር አላኖረም። ኀጢአቱን ለራሱ አስቀረ፥ ስሙን ለልጁ ተወለት።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር በዘመናችን ተገኝቷል። በባርሴሎና የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 50 የካታላን የቤተ ሰብ ስሞች መርጠው፥ ስሞቹን ከያዙት ወንዶች 2,500 ያህሉን ወስደው፥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደውን ዋይ ክሮሞሶም የተባለውን የዘር ምልክት መረመሩ፤ ውጤቱም በ2015 ዓ.ም. ታተመ። ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ከብዙ አባቶች የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ጥቂቶች የሚጠሩበት ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከጥቂት አባቶች የወረደ ነው። የዛሬዎቹ ባለ ስሞች የሚገናኙበት አባት በአማካይ የኖረው ከ500 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑም ታወቀ። ይህ ስሞቹ ከተፈጠሩበት ዘመን ብዙ ያነሰ ነው። ደግሞ በየትውልዱ ከመቶው ከ1.5 እስከ 2.6 የሚሆኑት ሰዎች ስሙን ያገኙት ከአባት ደም አይደለም፤ በጉዲፈቻ፥ በእናት በኩል ወይም በሌላ በተሰወረ መንገድ ነው። ቍጥሩ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በ20 ትውልድ ቢሰላ ከአራቱ አንዱ፥ ወይም ከዚያ የሚበልጠው፥ ከስሙ ጋራ የመጀመሪያውን ባለ ስም ደም አልያዘም ማለት ነው።

እንግዲህ በአባቱ ስም የሚመካው ሰው ምን ይላል? ከሃያው አያቶቹ መካከል አንዱ ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ የተጠየቀ ሊኖር ይችላል። በካታሎኛ ባላገር ዘንድ ይህ አስቀድሞ የታወቀ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ወንድ ልጅ የሌለው ባለ ርስት ሴት ልጁን ወራሽ ሲያደርግ፥ ያገባት ሰው ወደ ቤቷ ይገባ ነበር፥ የቤቱም ስም በእርሷ በኩል ጸንቶ ይቀር ነበር። ቤቱ ከደም ይልቅ ስሙን ይጠብቅ ነበርና። ይህ ሁሉ ከታየ ዴውሎፌው የሚለው ስም ከሌሎቹ የሚለየው፥ ሌሎቹ የሸሸጉትን እርሱ ከመጀመሪያው አለመሸሸጉ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህም ሕዝቡ የሚያወራው እውነት እንደ ሆነ ነው።

ስሙ ስለ ምን ጥቂት ሆነ? በ1873 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሊቅ ፍራንሲስ ጎልተን የታወቁ ቤተ ሰቦች ስም ለምን እንደሚጠፋ በጋዜጣ ጠይቆ ነበር፤ ሄንሪ ዋትሰን የሚባል ሒሳብ ዐዋቂ ካህንም በስሌት መለሰለት። የስሌቱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። አንዱ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ይሞታል፥ አንዱ ሴቶች ብቻ ይወልዳል፥ ሌላው ሦስት ወንዶች ያሳድጋል፤ በየትውልዱ ለአንድ አባት በአማካይ ከአንድ የማይበልጥ ወንድ ልጅ የሚደርስ ከሆነ፥ ስሙ ይዘግያል እንጂ መጥፋቱ አይቀርም። ዋትሰን ከዚህ አልፎ ስም ሁሉ ይጠፋል እስከ ማለት ደርሶ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ልጆች ከበዙ ስሙ ሊተርፍ እንደሚችል አስረድተዋል። ኤስፖሲቶ የሚለው ስም ከትልቅ ከተማ መዘውር ለብዙዎች ሲወጣ ስለ ኖረ ዛሬ በኢጣሊያ እጅግ ከበዙት ስሞች አንዱ ሆኗል። ዴውሎፌው ግን በጥቂት ቤቶች የተወሰነ ነበር፤ ጥቂት ቤት ደግሞ በአንድ ክፉ ዘመን ሊዘጋ ይችላል።

ሆኖም አልጠፋም። ከኢምፖርዳ ሜዳ ከላርሜንቴራ መንደር በ1903 ዓ.ም. የተወለደው አሌክሳንድሬ ዴውሎፌው መድኀኒት ቀማሚ ነበረ፤ የታሪክ ሒሳብ ብሎ በሰየመው ሥራው፥ ሥልጣኔ እንደ ሕያው ፍጥረት ይወለዳል ያረጃል፥ ዙሩም 1,700 ዓመት ነው፥ ነገሥታት የሚገዟቸው ታላላቅ ግዛቶችም በአማካይ 550 ዓመት ይኖራሉ ብሎ አስተማረ። እግዚአብሔር ሠራው የሚባል ሰው ታሪክን ሁሉ ለቍጥር መስጠቱ ፈገግ ያሰኛል፤ ቍጥሩንም ታሪክ እንደ ልብስ የሚለካ አድርጎ መቀበል ይከብዳል። ስሙ ባሕርም ተሻግሯል። በኩባ ማኑኤል ዴውሎፌው የተባለ ሰባኪ በ1904 ዓ.ም. ስለ ኩባ ስደተኞች መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1902 ዓ.ም. በቦነስ አይረስ የተወለደው ቬናንሲዮ ዴውሎፌውም በአርጀንቲና የታወቀ የኬሚ ሊቅ ሆነ። የዛሬ ጐበዞች ደግሞ ስሙን የሚያውቁት በ1994 ዓ.ም. ከዢሮና አውራጃ ከሪውዳሬኔስ በተወለደው በእግር ኳስ ተጫዋቹ በዤራርድ ዴውሎፌው ነው። በእንግሊዝና በኢጣሊያ ሜዳ ብዙ ሺሕ ሰው ስሙን እየጮኸ ሲጠራ፥ ምን እያለ እንደሚጮኽ ያወቀ ጥቂት ነው።

በእስፓንያ ሰው ሁሉ ሁለት የቤተ ሰብ ስም ይይዛል፤ አንዱ ከአባት ሁለተኛው ከእናት ነው፥ ወደ ልጅ የሚያልፈውም ፊተኛው ነው። ለብዙ ዘመን የአባት ስም ይቀድም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ወላጆች ተስማምተው የእናትን ስም እንዲያስቀድሙ ፈቀደ፤ ከ2017 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን ጀምሮ ደግሞ የአባት ቀዳሚነት ጭራሽ ተነሥቶ ወላጆች ቅደም ተከተሉን ራሳቸው እንዲናገሩ ተደረገ። ስለዚህ ሴት ልጅ ብቻ የወለደ ዴውሎፌው ስሙ በእርሷ ሊዘልቅ ይችላል። ወላጆቹ ሳይስማሙ የቀሩ እንደ ሆነ ሹሙ ሦስት ቀን ይሰጣቸዋል፤ ሦስቱ ቀን ሲያልፍ፥ ሕፃኑን አይቶት የማያውቀው ያ መዝገብ ያዥ ለልጁ የሚሻለውን አስቦ፥ ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል።