ነቁጦቹ ሲሳሱ

ለዓይን ኮምፓስ ጸጥ ያለ ነገር ነው። ስሱ መሣሪያ ግን ሌላ ይናገራል፤ የምድር መግነጢስ ሲርገበገብ ይውላል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ክፉኛ ይታወካል። ይህ ሁከት በእንግሊዝና በአውስትራሊያ፣ በምድር ሁለት ተቃራኒ ጎኖች፣ ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመዘገብ ኖሯል። መዝገቡን ከፀሐይ ነቁጦች ቁጥር ጎን ያስቀመጠ ሰው ግራ ይጋባል። ነቁጦቹ በየ11 ዓመቱ ገደማ በዝተው ይሳሳሉ፤ ምድር ግን ብዙውን ጊዜ አብዝታ የምትታወከው ጫፍ በደረሱበት ዓመት ሳይሆን እየሳሱ ሲሄዱ ነው።

ጀርመናዊው ዩሊየስ ባርትልስ በ1930ዎቹ ሁከቱን ሲከታተል በየ27 ቀኑ እየተመላለሰ አገኘው። 27 ቀን ፀሐይ፣ ከምድር ሲያዩዋት፣ አንዴ የምትዞርበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ምንጩ ፀሐይ ላይ ነው፤ በቴሌስኮፕ ሲፈለግ ግን ነቁጥም ሌላም ምልክት ታጣ። ባርትልስ ለማይታየው ቦታ «ኤም ክልል» የሚል ስም አወጣለት። ያላዩትን የለም ሳይሉ ስም ሰጥቶ መቆየት፣ እኔን ከግኝቱ ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ትዕግሥት ነው።

መልሱ አርባ ዓመት ገደማ ወሰደ። በ1973 ስካይላብ የተባለችው የጠፈር ጣቢያ ፀሐይን በኤክስሬይ ስታነሳት ኮሮና በሚባለው ውጫዊ ከባቢዋ ላይ ሰፋፊ ጨለማ ቦታዎች ጎልተው ታዩ፤ የኮሮና ቀዳዳዎች ይባላሉ። እዚያ የመግነጢስ መስመሮቹ ታጥፈው ወደ ፀሐይ አይመለሱም፣ ወደ ጠፈር ተዘርግተው ይቀራሉ። ከፀሐይ የሚፈሰው የቅንጣቶች ጎርፍ፣ የፀሐይ ነፋስ፣ በዚያ በኩል በሰከንድ 700 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይነጉዳል፤ ቀሰስ የሚለው 400 ገደማ ቢሆን ነው። ነቁጦቹ ሲሳሱ ቀዳዳዎቹ ከዋልታዎቹ ወደ ፀሐይ ወገብ ይዘረጋሉ፤ በየዙሩም ነፋሳቸው እኛን ያገኘናል።

ፍጥነት ብቻውን ግን አይበቃም። ነፋሱ የተሸከመው መግነጢስ ወደ ሰሜን ካዘነበለ የምድር መስክ አብዛኛውን ይመክተዋል፤ ወደ ደቡብ ሲዞር ሁለቱ መስኮች ይቆራኙና ኃይሉ ይገባል። ይህ እኛም ዘንድ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ ብዙ አትርቅም። በዚህ ወገብ ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ የነፋሱ መግነጢስ ወደ ደቡብ በዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ይህ ጅረት ጠባዩን ይለውጣል። ሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰማዩ አረንጓዴ ሲበራ እኛ ዘንድ የሚታይ ነገር የለም፣ መዝገቡ ላይ ያለው መስመር ብቻ ይታጠፋል።

በሜይ 2024 እንደደረሰው ያለ ታላቅ ማዕበል ከነቁጦች አካባቢ በሚነሳ ፍንዳታ ይመጣል፣ ዜናም ይሆናል። በየ27 ቀኑ የሚመላለሰውን ማንም አያወራለትም። ያሁኑ ዑደት ጫፉን 2024 ላይ ነክቶ መውረድ ይዟል፤ ተራው የዚያኛው ነው።