ኮምፒዩተሩ የማንንም አባት አያውቅም

ዩኒቨርሲቲ የምንመርጥበትን ፎርም የሞላነው መርጡለ ማርያም፣ ከትምህርት ቤታችን ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። አብዛኞቻችን ከሞጣና ከቢቸና አልፈን አናውቅም፤ ሆኖም ጅማን ከሐዋሳ፣ መቀሌን ከጎንደር እያበላለጥን በቅደም ተከተል ጻፍን። ማን እንዳሳደገን፣ በምን ብርሃን እንዳጠናን ግን ፎርሙ አልጠየቀንም። ውጤታችንን አዲስ አበባ ያለ ኮምፒዩተር ያየዋል፤ በቃ።

ውጤቱ ሲመጣ እኔ ከመቁረጫው ነጥብ በሦስት አነስኩ። ከእኔም በአራት የምታንሰው የአክስቴ ልጅ ግን ገባች፤ ለሴቶች የተቆረጠው ነጥብ ዝቅ ያለ ነበርና። ክረምቱን ሙሉ አላናገርኳትም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለመሆኑ የተበደለው ማን ነበር? እኔ ከእናት አባቴ ቤት፣ በመብራት (ሲኖር ማለቴ ነው) አጠና ነበር። እሷ ከገጠር መጥታ ከሌሎች ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለስንቅ የአራት ሰዓት መንገድ በእግሯ ትሄዳለች፤ ቅዳሜ ውኃ ትቀዳለች፣ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፤ እሑድ ድርቆሿን ተሸክማ ትመለሳለች። እኔ በእነዚያ ሁለት ቀናት ሒሳብ እሠራ ነበር። ታዲያ አራት ነጥብ ብበልጣት በልጫታለሁ ማለት ነው?

በርናርድ ዊሊያምስ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣ ጽሑፉ፣ ጦረኞች የሚከበሩባትን አንዲት አገር በሐሳቡ ይፈጥራል። ጦረኛ የሚሆኑት የሀብታም ልጆች ብቻ ነበሩ። ኋላ ሕጉ ተለወጠና ጉልበቱ በፈተና የተረጋገጠለት ሁሉ ይግባ ተባለ። ያለፉት እንደገና የሀብታም ልጆች ሆኑ፤ የቀሩት ጠግበው አልበሉምና። ፈተናው አልዋሸም፤ ጉልበትን በትክክል ለክቷል። በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ውጤት፣ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ የሰነፈው ተማሪው ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

እንግዲያስ ሰውን ሰው ይመዝነው ይባል ይሆናል። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ ስለ ራሱ የጻፈውን ድርሰትና የመምህራኑን የድጋፍ ደብዳቤ ሠራተኞች ተቀምጠው ያነባሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የቆዳ ቀለምን ለይቶ መጥቀምን ሲከለክል እንኳ፣ ተማሪው ቀለሙ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን በድርሰቱ ቢገልጽ ሊታይለት እንደሚችል ተናግሯል። ያስቀናል! ግን ወደ እኛ ይምጣና ድርሰቱን በገንዘብ የሚያጽፈው ማን ይሆን? ከሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ «የእገሌ ልጅ ነው» የሚል ስልክ ስንት ጊዜ ይጮኽ ይሆን? ኮምፒዩተሩ የማንንም አባት አያውቅም። የደሀ ልጅ ቁጥርን የሚያምነው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩም ቢሆን ጠባቂ ያሻዋል እንጂ፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ መሰረዙን የምንረሳው አይደለም።

ሌላ መንገድ በደጃችን ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሊማር የሚመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከየኔታ ፊት ይቆማል፤ ይቀበሉታል። ወንፊቱ ከበሩ ላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከቅኔ ቆጠራው ላይ ነው። ይህ የተቻለው ግን ተማሪው ለምኖ ስለሚበላ፣ ጎጆውንም ራሱ ስለሚቀልስ ነበር። የአክስቴንም ልጅ ያ በር አይጠብቃትም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንኳ ቅኔውን የተማሩት ከአባታቸው ነበር።

ለሴቶች ዝቅ ያለው ነጥብ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ሆኖም ሸካራ መስፈሪያ ነው። ቤቷ ድረስ አስጠኚ የሚመጣላትን የከተማ ልጅ ያግዛል፤ እንደ አክስቴ ልጅ ድርቆሽ ተሸክሞ የሚመላለሰውን የገጠር ወንድ ልጅ አያየውም።

እሷ ዛሬ አስተማሪ ናት። ባለፈው ስንገናኝ ስለዚያ ክረምት ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ሄጄ ነበር። ወሬዋ ሁሉ ስለ ተማሪዎቿ ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የእሷም አንዱ ነበር። ለፈተና ያልተቀመጠ ልጅ ከመቁረጫው በታች ከወደቁት ጋር እንኳ አይቆጠርም። የ12ኛ ክፍል የስም መጥሪያዋን ከሻንጣዋ አውጥታ አሳየችኝ። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ በእርሳስ «አግብታለች»፣ «ሁመራ ሄዷል» ብላ ጽፋለች። የሚበዛው ግን ባዶ ነበር።