ነጭ ጫማ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለዚህ እትም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲነገረኝ ስለ ጾም ወይም ስለ ጸሎት ለመጻፍ አስቤ ነበር። ብዕር ሳነሣ ግን ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ጥንድ ነጭ ጫማ ነው። ስለዚህ ነጭ ጫማ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታጠብ እጽፍላችኋለሁ፤ ከዚሁም ጋር ጫማዬ ንጹሕ ሆኖ እኔ ቆሽሼ ስለ ዋልሁበት አንድ ቀን እናገራለሁ። የጫማ ነገር ለመንፈሳዊ ጽሑፍ አነሰ የሚል ቢኖር፥ እግዚአብሔር ሙሴን ከቁጥቋጦው ውስጥ በጠራው ጊዜ ስለ ጫማውም እንዳዘዘው ያስታውስ (ዘጸ. 3፥5)። ኢያሱም በኢያሪኮ አጠገብ የታዘዘው ይህንኑ ነው (ኢያ. 5፥15)። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት በተመለሰ ጊዜ ከልብሱና ከቀለበቱ ጋር ጫማም ተሰጥቶታል (ሉቃ. 15፥22)። እንግዲህ መጽሐፍ ያልናቀውን እኛም አንናቀው።

ጨፋ ሮቢትን የሚያውቅ ሁሉ ጭቃዋን ያውቃል። ጨፋ በኦሮምኛ እርጥበት የማይለየው ለምለም መስክ ማለት ነው፤ ሮቢም ረቡዕ ነው። በቦርከና ሸለቆ ያለው የሜዳችን አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ለማሽላው በረከት ነው፤ ለነጭ ጫማ ግን ክፉ ጠላት ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና የረገጠውን ሁሉ ይዞ አለቅም ይላል።

በ2015 ዓ.ም. የሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ረቡዕ ዋለ። ያን ጊዜ ከምማርበት ከደሴ ለክረምት ዕረፍት መጥቼ ነበር። እናቴ ዕቁቧ ሲደርሳት ከመዝሙር ልብሴ ጋር እንዲስማማልኝ ብላ ነጭ የሸራ ጫማ ገዝታልኝ ነበርና፥ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫምቼው ወጣሁ። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሯል። ሱሪዬን ሰብስቤ፥ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሻገርሁ፥ ዓይኔን ከእግሬ ሳልነቅል እሄድ ነበር።

ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውስጥ የአንድ ጎረቤታችን አህያ ማሽላ እንደ ተጫነች ጭቃ ይዟት ቆማለች። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም አባት ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አባባ እያልሁ የምጠራቸው፥ ከቤተሰባቸው ጋር ቡና የምንጠራራ ሰው ናቸው። እንዳዩኝ፥ «ልጄ፥ እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉኝ። ጭቃውን አየሁ፤ ጫማዬንም አየሁ። «አባባ፥ መዝሙር አለብን፤ ይረፍድብኛል» አልኋቸው። ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ ዋናው ምክንያቴ ግን እርሱ አልነበረም። እርሳቸውም፥ «አብሽር፥ ሂድ ልጄ፤ ለእኛም ጸልይልን» ብለው ወደ አህያቸው ዞሩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ተመለከትሁ። አንዲት ነጠብጣብ እንኳ አልነካውም፤ ደስ አለኝ። ከዚያም እንደ ሥርዓታችን አውልቄ ከግድግዳው ሥር አኖርሁትና ገባሁ። ወንድሞቼ ሆይ፥ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ያህል የተጠነቀቅሁለት ጫማ ውጭ ቀረ፤ ያልተጠነቀቅሁለት ልቤ ከእኔ ጋር ገባ። «ለእኛም ጸልይልን» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልጸልይላቸው ብሞክር አፌ ተያዘ። በእጄ ልረዳቸው ስችል ያለፍኋቸውን ሰው በአፌ እንዴት ልርዳቸው?

ታቦቱ ወጥቶ መዝሙር አቅርበን እንደ ጨረስን ዝናቡ እንደገና ወረደ። ሕዝቡ ወደ መጠለያ ሲሮጥ ጫማዬን ረጋግጦታል። ባገኘሁት ጊዜ ከዋልካው የተነሣ ቀኙ ከግራው አይለይም ነበር። በእጄ አንጠልጥዬ በባዶ እግሬ ወደ ቤት ሄድሁ። እናቴ አይታኝ ሣቀች፤ የሆነውን ሁሉ ስነግራት ግን ሣቋ ቆመ። «ጫማስ ይታጠባል፤ አባባን ግን ምን ትላቸዋለህ?» አለችኝ።

አሁን ወደ አጠባው ልምጣ። እናቴ በልማድ የምታውቀውን እኔ በክፍል ከተማርሁት ኬሚስትሪ ጋር እያስተያየሁ የተረዳሁት ነው።

አንደኛ፥ ጭቃው ይድረቅ። ጫማውን ወዲያው ውኃ ውስጥ ልነክረው ስል እናቴ ከለከለችኝ። እርጥብ ዋልካ ሲታሽ ደቃቁ አፈር ወደ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቅና ሁለቱን ጫማ እርስ በርስ ሲያጋጩት ብዙው ይራገፋል። የቀረውን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ነው።

ሁለተኛ፥ ክሩና ከውስጥ የሚነጠፈው ሶል ይውጡ፤ ለየብቻቸውም ይታጠቡ። ክሩ ሳይወጣ የሚታጠብ ጫማ በየቀዳዳው ሥር ጥቁር መስመር ይቀርበታል።

ሦስተኛ፥ ውኃው ለብ ያለ፥ ሳሙናው ጥቂት፥ ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። አንድ ማንኪያ ኦሞ ወይም ትንሽ ላርጎ ለአንድ ጥንድ ጫማ ይበቃል። ሳሙና ስለ በዛ ጫማ አይነጣም፤ ለማለቅለቅ ብቻ ያስቸግራል። የላስቲኩን ጠርዝ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ በጥቂት የጥርስ ሳሙና ማሸት ነው፤ በውስጡ ያለው ደቃቅ ዱቄት እድፉን ይፍቀዋል። ጫማው ቆዳ ከሆነ ግን አይዘፈዘፍም፤ በረጠበ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ።

አራተኛ፥ በረኪና አይጨመርበት። ብዙዎቻችን ነጭ ነገር ሁሉ በበረኪና የሚነጣ ይመስለናል። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ውሁድ በውኃ የተበጠበጠበት ነው። ቀለምን ይሰብራል፤ ነገር ግን ክሩንም ያደክማል፥ ላስቲኩንም ይጎዳል፤ በደንብ ካልተለቀለቀም ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። ይልቁንም በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም፤ ክሎሪን የተባለ ትንፋሽ የሚያሳጣ መርዛማ ጋዝ ይወጣልና።

አምስተኛ፥ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ መላልሶ ማለቅለቅ ነው። የታጠበ ነጭ ጫማ ሲደርቅ ቢጫ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በውስጡ በቀረው ሳሙና ምክንያት ነው።

ስድስተኛ፥ ጫማው ገና እርጥብ ሳለ በነጭ ሶፍት ተጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ውኃው ወደ ውጭ ሲተን የቀረውን ሳሙና ይዞ ወደ ሶፍቱ ይወጣል፤ ቢጫውም በጫማው ፈንታ በሶፍቱ ላይ ይቀራል። ኃይለኛ ፀሐይ ላስቲኩንና ማጣበቂያውን ቢጫ ስለሚያደርግ ፀሐይ ላይ አይሰጣ።

እናቴ ይህን ስታሳየኝ በልጅነቷ ነጠላ በእንዶድ ይታጠብ እንደ ነበር አጫወተችኝ። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያረፋል፤ ሳፖኒን የተባለ ነገር በውስጡ አለና። በ1964 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህ ተነሥተው እንዶድ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚያጠፋ በምርምር አሳዩ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሌላም ነገር ተማርሁ። ከላይ የሚያጥበው ሰው ልብሱ ሲነጣ ብቻ ነው የሚያየው፤ ውኃው ግን ወደ ታች ወርዶ ሌላውን ያገኛል። የአንዱ ንጽሕና ዋጋ በሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የእጥበት ውኃ ከወንዝ ራቅ ባለ መሬት ይደፋ። የእኔ የዚያን ቀን ንጽሕናስ ዋጋው በማን ላይ ወደቀ?

ማታውኑ አወቅሁት። ወደ አባባ ቤት ስሄድ ጉልበታቸው በጨርቅ ታስሮ ተጋድመው አገኘኋቸው። አህያዋን ብቻቸውን ሲያወጡ ተንሸራተው ወድቀዋል። ከደጃቸው ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ጫማዬ ብዬ እንዳለፍኋቸው ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፥ «እኔም ጫማህን አይቼዋለሁ፤ ማሻአላህ፥ ያምር ነበር» አሉኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ቀጥለውም፥ «አብሽር ልጄ፤ መጣህ አይደል» ብለው ቡና እንዲፈላ አዘዙ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ተናዘዝሁ። ስግደት የሚያዝዙኝ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «እኒያ ሰው ድነው እስኪነሡ እህላቸውን ወፍጮ ቤት የምታደርሰው አንተ ነህ» አሉኝ። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ማሽላውን ተሸክሜ ተመላለስሁ። ጫማው ነጭ ሆኖ አልዋለም፤ በየሳምንቱ ግን አጥበው ነበር።

ወገኖቼ፥ ጌታችን በወንበዴዎች ስለ ተደበደበው ሰው ሲያስተምር ካህኑና ሌዋዊው አይተው እንዳለፉ ይነግረናል (ሉቃ. 10፥30-37)። ለምን እንዳለፉ መጽሐፍ አልጻፈውም። የእኔን ምክንያት ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጫማዬ ነበር። ያንተስ ምክንያት ምንድን ነው ወንድሜ? ያንቺስ እኅቴ? አንዳንዱ ልብሱን፥ አንዳንዱ ስሙን፥ ሌላው ትምህርቱን እንዳይቆሽሽበት እየጠበቀ ስንቱን ከቦይ ውስጥ ትቶ ያልፋል።

ይህን ስል ቆሽሸን ወደ ቤተ እግዚአብሔር እንምጣ ማለቴ አይደለም። በነጭ ነጠላ መቅረብ የአባቶቻችን መልካም ሥርዓት ነው፤ ንጹሕ ልብስና ንጹሕ ጫማ አክብሮትን ያሳያል። ጌታችን የገሠጻቸው ጽዋውን ከውጭ ያጠሩትን ስላጠሩ ሳይሆን የውስጡን ስለ ተዉ ነው (ማቴ. 23፥25-28)። እርሱ ራሱ ግን በታላቂቱ ሐሙስ ማታ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ እኛም እንዲሁ እንድናደርግ አዘዘ (ዮሐ. 13፥1-15)። የሌላውን ጭቃ በእጁ የነካው እርሱ፥ ከሁላችን ንጹሕ የሆነው ነው።

ንስሐም እንደ ጫማው አጠባ ነው። በደልን እንዲያው በጥቅሉ «ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ ከማለፍ፥ ክሩንና ሶሉን ለይተን እንደምናጥብ፥ እያንዳንዱን ለይቶ መናዘዝ ይገባል። ራስን በተስፋ መቁረጥ ማቃጠል እንደ በረኪና ነው፤ ያነጣ መስሎ ይጎዳል። ጥቂት እውነት ይዞ መላልሶ መታጠብ ይሻላል። እድፍም ሳይቆይ ይታጠብ፤ የዛሬ ጭቃ በአንድ ማታ ይለቃል፤ የከረመ ግን ከክሩ ጋር ይዋሐዳል። ኃጢአታችን እንደ ደም የቀላ ቢሆን እንኳ እንደሚያነጣው ቃል የገባልን አምላክ አለን (ኢሳ. 1፥18)።

በከተማችን በቤተ ክርስቲያንም ደጃፍ በመስጊድም ደጃፍ ብዙ ጫማ ተደርድሮ ይታያል። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ መታዘዙ በጎረቤቶቻችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ሁላችንም ጫማችንን ከደጅ ትተን የምንገባ ሰዎች ነን። እንግዲህ በመጪው እሑድ ጫማችሁን ስታወልቁ፥ ነጭ ሆነ ጥቁር፥ በመንገድ ላይ ማንን አልፌ መጣሁ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ያለፋችሁት ሰው ካለ፥ ስትመለሱ በዚያው መንገድ ተመለሱ። ጫማውን ማታ ታጥቡታላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።