ልብ የመታው መቼ ነው?

እጅ ላይ የታሰረ ዘመናዊ ሰዓት አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ይከታተላል። ደረት ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ደግሞ የዚያኑ ልብ ኤሌክትሪክ ያነባል። የምቱን ሰዓት ሲጠየቁ ግን ሁለቱ አይስማሙም። መብራቱ ጣት ላይ ከሆነ፣ ኤሌክትሮዱ የመዘገበውን ምት የሚያየው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይነሣል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ግፊቱ ሲበቃ ቫልቩ ይከፈታል፤ ከዚያ ሞገዱ ክንድን አቋርጦ ጣት ይደርሳል። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ «ምቱ» የትኛው ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። አርስቶትል ጊዜን የእንቅስቃሴ ቁጥር ነው ካለ በኋላ፣ የሚቆጥር ነፍስ ባይኖር ጊዜስ ይኖር ነበር ወይ ብሎ ጠይቋል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ክር ላይ ክብደት አንጠልጥሎ ያወዛውዝና፣ ውዝዋዜው ከታማሚው ትርታ ጋር እስኪገጥም ክሩን ያሳጥር ወይም ያስረዝም ነበር። ውጤቱ የክር ርዝመት እንጂ ደቂቃ አልነበረም።

የዛሬ መሐንዲሶች መልሱን የሚፈልጉት ከሞገዱ ቅርጽ ነው። ኤሌክትሮዱ በሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ «አር» የሚባለው ጫፍ ሹል ስለሆነ ሥራው ይቀላል። ፓን እና ቶምፕኪንስ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዝነኛ ስልት በሰከንድ 200 ጊዜ የተነበበውን ምልክት አጣርቶና አጉልቶ ምቱን ይይዛል። ማጣራቱ ግን ጫፉን ያደበዝዛል፤ ትክክለኛው ቅጽበት የሚገኘው ወደ ጥሬው ምልክት ሲመለሱ ነው። እዚያም በሁለት ንባቦች መካከል 5 ሚሊሰከንድ አለ። ጫፉ መሃል ላይ ከወደቀ ሦስት ጎረቤት ነጥቦችን በኩርባ አገናኝቶ መገመት ነው።

የብርሃኑ ሞገድ አናቱ ድቡልቡል ነው፤ ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ስለዚህ ብዙዎች የሞገዱን ግርጌ ይመርጣሉ። ሞገዱ ሽቅብ በሚፈጥንበት ቦታ የሚነካው ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ በዝቅተኛው ነጥብ ደግሞ አግድም መስመር። ሁለቱ የሚገናኙበት የምቱ መድረሻ ይባላል። የሚገርመው፣ ይህ ብዙዎች የሚተማመኑበት ቅጽበት ሞገዱ ራሱ እንኳ የማያልፍበት ነጥብ መሆኑ ነው!

እንግዲህ ቅጽበቱ የሰው ፈጠራ ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። ነጥቡን ሰው ይምረጠው እንጂ፣ ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ አይመርጠውም። ሁልጊዜ እኩል 30 ሚሊሰከንድ የሚዘገይ ስልት፣ አንዱ ምት ከሌላው ሲቀነስ ስህተቱ አብሮ ይጠፋል።

ኢሲጂውና ብርሃኑ ሲነጻጸሩ ግን ይህ ማምለጫ የለም። የደም ግፊትን ያለ ክንድ መጠቅለያ፣ ከሁለቱ የጊዜ ልዩነት ብቻ ለመገመት የሚሞክሩ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ውስጥ የሞገዱ ጉዞ ብቻ ሳይሆን ልብ ቫልቩን እስኪከፍት የሚፈጅበት ጊዜም አለበት፣ እሱም በድካምና በድንጋጤ ይለዋወጣል። አንዳንዶች ይህን ለመለየት የቫልቩን መከፈት የሚከታተል ሌላ ዳሳሽ ደረት ላይ ይጨምራሉ፤ በዚህም ለአንድ ምት ሦስት ቅጽበቶች ይመዘገባሉ።